የንብ እጭ በሽታን ለመከላከል የቱን እናስቀድም? ለሰሜን ሸዋ አናቢዎች የንጽጽር መመሪያ

ሐምሌ ነበር። ከሰላ ድንጋይ ወጣ ብሎ ባለው ጓሮዬ ጉሙ ገና አልተነሣም። አንዱ ቀፎ ደጃፍ ላይ ነጫጭ ነገር ተበትኖ አየሁ። የኖራ ፍርፋሪ መሰለኝ። አንዱን አንሥቼ በጥፍሬ ስጫነው አልፈረሰም። ደረቅ ነው፣ ቀላል ነው፣ ከስንዴ ፍሬ ትንሽ ይወፍራል፣ ባንድ ጎኑ ግራጫ ነጠብጣብ አለው። ንብ መሆን የነበረበት እጭ ነው። ቀን ሞቅ ሲል ከፍቼ ፍሬሙን (ንቦቹ የሰም ቤታቸውን የሚሠሩበትን የእንጨት ማዕቀፍ) ነቅነቅ ሳደርገው፣ ቅል ውስጥ እንዳለ ደረቅ ጥራጥሬ ተንሿሿ። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

በዚያ ሳምንት ያልጠየቅሁት ሰው የለም። አንዱ «መድኃኒት አድርግበት» አለኝ። አንዱ «በወይራ እጠነው»። ሌላው «ርቧቸው ነው፣ ስኳር በጥብጥላቸው»። ጋሼ የምለው ጎረቤቴ ደግሞ ቀፎውን ዞር ዞር ብሎ አየና «ልጄ፣ ይሄ ሣጥን ነው የሚገድላቸው፣ ወደ ጭቃው ቀፎ መልሳቸው» አለኝ። ሁሉም ከልቡ ነው የመከረኝ። ግን ሁሉንም ለማድረግ ብሩም ጊዜውም አልነበረኝም። ከየት ልጀምር የሚለውን የነገረኝ አልነበረም።

ይህን የጻፍኩት እንደዚያ ቀን እንደኔ ግራ ለተጋባ ሰው ነው። የምርት ስም አላወድስም። መጀመሪያ መመዘኛውን አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ እያንዳንዱን አማራጭ በእሱ እለካለሁ።

መጀመሪያ በሽታው የቱ እንደሆነ ለዩ

አራት ዋና ዋና የእጭ በሽታዎች አሉ። መንስኤያቸው የተለያየ ስለሆነ ለአንዱ የሚሠራው ለሌላው አይሠራም። እዚህ ላይ ካልተጠነቀቅን የቀረው ሁሉ ብክነት ነው።

ቾክብሩድ የሚባለው እኔ ጓሮ የገባው ነው። የሚያመጣው ሻጋታ ነው። እጩ የሻጋታውን ዘር ከምግቡ ጋር ይውጠዋል፤ ብርድ ሲያገኘው ደግሞ ሻጋታው ሆዱ ውስጥ ያድጋል። መጨረሻ ላይ እጩ እንደ ጠመኔ ይደርቃል፣ ነጭ ወይም ግራጫ ጥቁር ይሆናል። ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ የተረጋገጠ በሽታ ነው። ለደጋ ሰው ዋናው ጠላት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሳክብሩድ ቫይረስ ነው። የሞተው እጭ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ይቀራል፣ ቆዳው ውሃ እንደያዘ ከረጢት ይሆናል። በወረንጦ ስታወጡት ሳይበጠስ ሙሉውን ይወጣል። አበባ ሲመጣና ንቡ ሲጠነክር ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል።

የአውሮፓ ፋውልብሩድ ባክቴሪያ ነው። እጩ ንቦቹ ጉድጓዱን በሰም ሳይከድኑበት ይሞታል። ጤነኛ እጭ ነጭና የሚያበራ ነው፤ ይሄኛው መጀመሪያ ቢጫ፣ ኋላ ቡናማ ይሆናል፣ ተጠማዝዞም ይገኛል። ሽታው የመኮምጠጥ ነው። የተራበና የተጨነቀ ንብ ላይ ይበረታል።

የአሜሪካ ፋውልብሩድ ከሁሉም የከፋው ነው። ይሄም ባክቴሪያ ነው፤ እጩ የሚሞተው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተከደነ በኋላ ነው። ክዳኑ ይጠቁራል፣ ይሰረጉዳል፣ ይበሳል። የክብሪት እንጨት አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። እንደ ንፍጥ እየተሳበ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ክር ከሠራ፣ ጥርጣሬው ከባድ ነው። ቀፎውን ዝጉና የወረዳውን የእንስሳት ባለሙያ ጥሩ። የዚህ ባክቴሪያ ዘር ደረቅ እንጀራ (ንቦች እጭና ማር የሚያኖሩበት፣ ከሰም የሚሠሩት ባለ ጉድጓድ ቤት) እና እንጨት ውስጥ ከ35 ዓመት በላይ ተኝቶ መቆየት ይችላል። (የአሜሪካና የአውሮፓ መባላቸው ስም ብቻ ነው፤ በሽታዎቹ በየአህጉሩ አሉ።)

በምን እንመዝን?

እኔ የምጠቀምባቸው አምስት ጥያቄዎች ናቸው።

አንደኛ፣ መንስኤውን ይነካል ወይስ ምልክቱን ይሸፍናል? ሁለተኛ፣ ማሩ ላይ ምን ይተዋል? ማራችንን ልጆቻችንም ይበሉታል፣ ገበያም ይወጣል። ሦስተኛ፣ ከኪስ ምን ያስወጣል፣ ጉልበትስ ምን ያህል ይጠይቃል? አራተኛ፣ በባህላዊ ቀፎም ይሠራል ወይስ ፍሬም ላለው ብቻ ነው? አምስተኛ፣ ለአየራችን ይስማማል?

የመጨረሻውን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ጣርማ በር ከዚያም ይበልጣል። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ትላለች። መኪና ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ጃኬት የሚወልቀው ለዚህ ነው። በአንድ ዞን ውስጥ ያለን አናቢዎች የምንፈራው ነገር አንድ አይደለም። ለደጋው ለመንዝ ሰው የሚሰጥ ምክር ለቆላው ለቀወት ሰው እንዳለ አይሰጥም።

አማራጭ 1፦ መድኃኒት መስጠት

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይሄን ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ኦክሲቴትራሳይክሊን ነው፤ ለበግና ለከብት የምንገዛው ዓይነት አንቲባዮቲክ። አንቲባዮቲክ የሚሠራው ባክቴሪያ ላይ ነው። ቾክብሩድ ሻጋታ ነው፣ ሳክብሩድ ቫይረስ ነው። ስለዚህ ከአራቱ በሽታዎች ሁለቱን ጨርሶ አይነካም። እኔ ያን ሐምሌ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ብሬን ውሃ ውስጥ ነበር የምጥለው።

በቀሩት ሁለቱስ? በአሜሪካው ፋውልብሩድ ላይ የሚገድለው እያደገ ያለውን ባክቴሪያ ብቻ ነው፣ የተኛውን ዘር አይገድልም። ምልክቱ ይጠፋል። አናቢው ዳነ ብሎ ፍሬሙን ወደ ሌላ ቀፎ ያዛውራል። በሽታው ተደብቆ ጓሮውን ሁሉ ያዳርሳል። በጣም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። በአውሮፓው ላይ ሊረዳ ይችላል፣ ግን እሱን ያለመድኃኒት መከላከል ይቻላል።

ማሩ ላይ ደግሞ ቅሪት ይተዋል። የኢትዮጵያ ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት እንዲገባ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ኅብረቱ በማር ውስጥ ለአንቲባዮቲክ የፈቀደው መጠን የለም። አንድ በርሜል ውስጥ የገባ የአንድ ሰው ማር የብዙዎችን ድካም ከንቱ ሊያደርግ ይችላል።

የኔ ፍርድ፦ ለመከላከል ብሎ መድኃኒት መስጠት አይገባም። ለማከምም ቢሆን ባለሙያ ሳያይ አይሁን።

አማራጭ 2፦ ጥቁር እንጀራ መቀየር

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ብዙ የተሳሳትኩበትም ብዙ የተማርኩበትም ይሄ ነው።

አንዲት ንብ በእንጀራው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ባደገች ቁጥር ቆዳዋንና ቆሻሻዋን እዚያው ትታ ትወጣለች። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል ተነሥታ እስክትወጣ 21 ቀን ገደማ ነው የሚፈጅባት፤ የእኛ ንቦች እንዲያውም ትንሽ ይቀድማሉ። እንግዲህ አስቡት፣ በዓመት ስንት ትውልድ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ያድጋል። እንጀራው መጀመሪያ ነጭ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ፣ በመጨረሻ እንደ ከሰል ይጠቁራል። የሻጋታውም የባክቴሪያውም ዘር የሚከማቸው እዚያ ነው። የቾክብሩድ ዘር ብቻውን 15 ዓመት መቆየት ይችላል።

በሽታ የገባበት ያ ቀፎዬ ያገለገለ ነበር። ከነእንጀራው ነው የገዛሁት። የሸጠልኝ ሰው «የተሠራ እንጀራ ስላለው ንቡ አይደክምም» አለኝ፣ እኔም ደስ አለኝ። አንዱን ፍሬም ወደ ፀሐይ አንሥቼ ባይ ኖሮ አልገዛውም ነበር። መፈተሻው ይሄን ያህል ቀላል ነው፦ ማርም እጭም የሌለበትን ፍሬም ወደ ፀሐይ ያዙት፣ ጣታችሁን ከኋላው አድርጉ። የጣታችሁ ጥላ ከታየ ገና ነው። ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ጊዜው አልፏል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አሥር ፍሬም ባለው ቀፎ በየዓመቱ ሦስቱን፣ በጣም የጠቆሩትን፣ አውጡ። በሦስት አራት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይታደሳል። የገባበትን ዓመት በፍሬሙ ራስ ላይ በምስማር ጫሩት፤ በ2017 የገባ ከሆነ «17» ብላችሁ። ትውስታችሁን አትመኑ፣ እኔ አምኜ ተቸግሬያለሁ።

ጊዜው ወሳኝ ነው። በነሐሴ ብርድ እንጀራ አይወጣም፤ ንቡ ቀዝቅዞ ተርቦ ሰም መሥራት አይችልም። ትክክለኛው ጊዜ መስከረም ነው፤ አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብስ፣ ሜቹ ሲፈነዳ። ያኔ ንቡ አዲስ ሰም ለመሥራት ራሱ ይቸኩላል። ሁለተኛው ጊዜ የኅዳር ማር ከተቆረጠ በኋላ ነው፤ ያኔ ባዶ የቀሩትን ጥቁሮች ማውጣት ይቻላል።

ወጪው ምንድን ነው? 1 ኪሎ ሰም ለመሥራት ንቦች ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማር ይበላሉ ይባላል። ስለዚህ ነፃ አይደለም፣ የሚከፈለው በማር ነው። የታተመ ሰም (የጉድጓድ ቅርጽ የታተመበት ገጽ ሰም) ከገዛችሁ ብርም ያስወጣል። ግን ሙሉውን ገጽ ማልበስ ግድ አይደለም። ከፍሬሙ ራስ ላይ ሦስት ሳንቲ ሜትር የምትሆን ቁራጭ ሰም ማጣበቅ ለንቡ መንገድ ማሳየት ነው፣ የቀረውን ራሱ ይሠራዋል። ሰሙም የራሳችሁ ቢሆን ይመረጣል። ከገበያ የመጣ፣ ከየት እንደተሰበሰበ የማይታወቅ ሰምን ቤት ውስጥ ማፍላት የአሜሪካውን ፋውልብሩድ ዘር አይገድለውም።

አሁን ወደ ጋሼ ምክር ልመለስ። «ወደ ጭቃው ቀፎ መልሳቸው» ሲለኝ ኋላ ቀርነት መስሎኝ ነበር። ተሳስቻለሁ። ባህላዊ ቀፎ ላይ ማር ስንቆርጥ እንጀራውንም አብረን እንቆርጣለን። ንቡ በየዓመቱ አዲስ ይሠራል። ዘመናዊው የሣጥን ቀፎ ላይ ግን ማሩን በማሽን አውጥተን እንጀራውን እንመልሳለን፤ የእጩን ክፍል ደግሞ ጨርሶ አንነካውም። ማለትም ዘመናዊ ቀፎ የጥቁር እንጀራን ዕድሜ ያረዝማል። ጋሼ ያየው ይሄን ነው። ጭቃና እበት የተለቀለቀው ቀፎ ሙቀትም ይይዛል። ጉድለቱ ውስጡን ማየት አለመቻሉ ነው። ማሩን ሁልጊዜ ከኋላ ስለምንቆርጥም በበሩ በኩል ያለው የእጭ እንጀራ ሳይነካ ያረጃል። ባህላዊ ቀፎ ያላችሁ መስከረም ላይ በበሩ በኩል ከዳር ያለውን፣ እጭ የሌለበትን ጥቁር እንጀራ አንድ ሁለት ብቻ ቁረጡ።

የሽግግር ቀፎ ለዚህ ሥራ መሀል ላይ ያለ ነው። ከላይ በተደረደሩ እንጨቶች ላይ ስለሚሠራ እያንዳንዱን አንሥቶ ማየት ይቻላል፣ ማሩም ከነእንጀራው ይቆረጣል። በበሽታ መከላከል ብቻ ቢለካ፣ እኔ ለጀማሪ የምመርጠው እሱን ነው።

አማራጭ 3፦ ቀፎውን ደረቅና ሙቅ ማድረግ

የእጭ ማደጊያው 34 እና 35 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ይፈልጋል። ያንን ሙቀት የሚይዘው በእጩ ላይ የተደራረበው ንብ ነው። ውጭው የደብረ ብርሃን ሌሊት ሲሆን፣ ንቡም ጥቂት ሲሆን፣ ዳር ያለው እጭ ይቀዘቅዛል። ቾክብሩድ የሚጀምረው ከዚያ ዳር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። አንዱ «አየር ይግባለት» ይላል፣ ሌላው «ብርድ እንዳይገባ ዝጋው»። ሁለቱም እውነት አላቸው። ብርድ ብቻውን ሳይሆን ብርድና እርጥበት ሲገናኙ ነው የሚጎዱት። እኔ ጋ የሠራው እንዲህ ነው፦

ቀፎውን ከመሬት ከ50 ሳንቲ ሜትር በላይ አንሥቼ በእንጨት እግር ላይ አስቀመጥኩት። ወደ በሩ በኩል ሁለት ጣት ያህል አዘነበልኩት፣ ውሃ ውስጥ እንዳይተኛ። በሩን ወደ ምሥራቅ አዞርኩት፣ የማለዳዋ ፀሐይ እንድታገኘው። ጉም ከሚተኛበት ረባዳ ወደ ተዳፋቱ አወጣሁት፣ ከነፋሱ በኩል ግን የቁልቋል አጥር አለ። ክዳኑን በቆርቆሮ አለበስኩት፣ ከሥሩ ጭድ አነጠፍኩ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ባዶውን የማር ክፍል አነሣሁት። ይሄኛው ትልቁ ነው። ጥቂት ንብ ባዶ ፎቅ ማሞቅ አይችልም። በሩንም አጠበብኩት፣ ግን አልዘጋሁትም።

ከኪስ የወጣው የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ ነው። የቀረው ጉልበት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለምንከፍትበት ሰዓት። የእኛ ንብ ኃይለኛ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን የምንከፍተው ሲመሽ ነው። ቆላ ላይ ይሄ ጉዳት የለውም። ደጋ ላይ ግን ፍሬም በምሽት ብርድ ከፍቶ መቆየት እጩን ራሳችን ማቀዝቀዝ ነው። ማር መቁረጥ በምሽት ይሁን። እጭ ለማየት ግን ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ፣ ከ5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው፣ በደንብ ለብሳችሁ፣ ጢሱን አብዝታችሁ፣ ቶሎ ዘግታችሁ ውጡ። ከመክፈታችሁ በፊት ጎረቤትና ከብት ራቅ ይበሉ።

ቆላ ላይ ይሄ አማራጭ መልኩን ይቀይራል። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ ጥላና ውሃ ነው የሚያስፈልገው። እዚያ እኔን ከሻጋታው በላይ የሚያሳስበኝ እንጀራ የሚበላው የሰም ብል ነው፤ ባዶ እንጀራ ካገኘ አይምርም።

አማራጭ 4፦ ንግሥቷን መቀየር

አንዳንድ ንብ ጽዱ ነው። የታመመ እጭ ሲያሸት ክዳኑን ከፍቶ ጎትቶ ያወጣዋል። አንዳንዱ ደግሞ ዝም ይላል። ይሄ ባሕርይ በዘር የሚወረስ መሆኑን ዋልተር ሮተንቡለር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ሥራ አሳይቷል።

መፈተሻው መርፌ ብቻ ነው የሚፈልገው። ከተከደነ እጭ ላይ 100 ጉድጓድ ምረጡ፣ ክዳኑን በቀጭን መርፌ ወግታችሁ እጩን ግደሉ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመልሳችሁ ስንቱ እንደጸዳ ቁጠሩ። ቀፎዎቻችሁን እርስ በርስ አወዳድሩ። አብልጦ ያጸዳው መንጋ የዘር ምንጫችሁ ይሁን።

ንግሥቷን ለመቀየር እዚህ አገር ንግሥት ገዝቶ ማምጣት አይቀልም። ስለዚህ የደካማውን ንግሥት አስወግዳችሁ፣ ከጽዱው ቀፎ እንቁላልና በጣም ትንሽ እጭ ያለበትን አንድ ፍሬም ስጡት። ራሱ አዲስ ያሳድጋል። ንግሥት ከእንቁላል እስክትወጣ 16 ቀን ገደማ ናት። በዚያ መሀል አዲስ እጭ ስለማይኖር ንቡ የታመመውን ጠርጎ ለማውጣት ጊዜ ያገኛል። ለአውሮፓ ፋውልብሩድና ለቾክብሩድ ይሄ እረፍት ራሱ ሕክምና ነው። ግን ከጤነኛ ወደ በሽተኛ እንጂ ከበሽተኛ ወደ ጤነኛ ፍሬም አይሄድም። በጭራሽ።

ድንጉላ (ወንዱ ንብ) በሌለበት ብርድ ወቅት አትሞክሩት፤ አዲሷ ንግሥት ከድንጉላ ሳትገናኝ ትቀራለች። ባህላዊ ቀፎ ላይ ይሄ ሥራ ከባድ ነው፣ አልመክረውም።

አማራጭ 5፦ መመገብ

ርሃብ በሽታ አያመጣም፣ በር ግን ይከፍታል። የተራበ ንብ እጩን በደንብ አያጠባም፣ አያሞቅምም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ዝናቡ ቤት ሲዘጋቸው ስኳር በእኩል ውሃ በጥብጦ መስጠት ይረዳል። ዱቄት የምትሰጡ ከሆነ የባቄላ ወይም የሽንብራ ይሁን፤ በርበሬ፣ ጨውና ቅመም የገባበት ሽሮ አይደለም። ቀፎው ውስጥ ስጡ እንጂ ደጅ አታስቀምጡ፣ የሌላ ቀፎ ንብ ለዝርፊያ ይመጣል።

ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ማር ግን አትመግቡ። የአሜሪካው ፋውልብሩድ ከቀፎ ቀፎ ከሚዛመትባቸው መንገዶች አንዱ ይሄ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ምግብ ደግሞ በኅዳር ሳንቆርጥ የተውነው የራሱ ማር ነው።

አማራጭ 6፦ ዕቃን ማጽዳትና ማጠን

በወይራና በጦስኝ ማጠን የቆየ ልማዳችን ነው። ሽታው መንጋ ይስባል፣ አዲስ ቀፎ ላይ እኔም አደርገዋለሁ። የበሽታ ዘር ግን አይገድልም። ያገለገለ የእንጨት ቀፎ ከሆነ እንጀራውን አውጥቶ ማቃጠል፣ ሰምና ሙጫውን መፋቅ፣ ከዚያ ውስጡን እንጨቱ ቡና እስኪመስል ድረስ በእሳት መለብለብ ያስፈልጋል። ቢላና መፋቂያውን ከአንድ ቀፎ ወደ ሌላው ሳትሻገሩ በእሳት አሳልፉት። ይሄ ምንም ብር አያስወጣም፣ ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | መንስኤውን ይነካል? | ከኪስ | ጉልበት | በባህላዊ ቀፎ | ማሩ ላይ የሚተወው | የሚበልጠው ለማን |
|---|---|---|---|---|---|---|
| መድኃኒት | ሁለቱን ባክቴሪያዎች በከፊል፣ ሌሎቹን አይነካም | መካከለኛ፣ በየዓመቱ | ትንሽ | ለመስጠት ያስቸግራል | ቅሪት | ባለሙያ ላዘዘለት ብቻ |
| ጥቁር እንጀራ መቀየር | አዎ | ትንሽ፣ ግን ማር ያስከፍላል | መካከለኛ | ይሠራል | ምንም | ለሁሉም |
| ደረቅና ሙቅ ማድረግ | አዎ፣ በተለይ ቾክብሩድ | ትንሽ | አንዴ ብዙ፣ ከዚያ ትንሽ | ይሠራል | ምንም | ለደጋ |
| ንግሥት መቀየር | አዎ | ምንም ያህል አይደለም | ብዙ፣ ልምድ ይጠይቃል | ከባድ | ምንም | ከሦስት ቀፎ በላይ ላለው |
| መመገብ | በተዘዋዋሪ | መካከለኛ | ትንሽ | ይቻላል | በማር ወቅት ከሆነ ስኳር ይቀላቀላል | ለደካማ መንጋ |
| ዕቃ ማጽዳት | አዎ | ምንም ያህል አይደለም | ትንሽ | በከፊል | ምንም | ያገለገለ ለገዛ |

ለእናንተ የቱ?

ደጋ ላይ ከሆናችሁና ብር ከሌላችሁ፦ አማራጭ 3ን ዘንድሮ ሰኔ ሳይገባ ጨርሱ። መስከረም ላይ ሦስት ጥቁር እንጀራ አውጡ። እኔ ያደረግኩት ይኸው ነው። በቀጣዩ ክረምት ደጃፉ ላይ የቆጠርኳቸው ደረቅ እጮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲያ የመጡት ሁለት ክረምቶች ላይ አላየሁም።

ወይና ደጋ ላይ፣ በምንጃርና በሞረት በኩል ያላችሁ፦ ከእንጀራው እኩል ርጭቱን ተጠንቀቁ። ጤፍና ስንዴ ላይ የአረም መድኃኒትና የተባይ መድኃኒት ሲረጭ የሚሞተው የሚቀስመው ንብ ነው። ቀፎ ውስጥ ያለው እጭ የሚያሞቀው ያጣል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠመኔው ደጃፍ ላይ ይታያል። አናቢውም በሽታ ገባብኝ ይላል። ጎረቤት ገበሬን አስቀድሞ ማነጋገር፣ ንቡ ከመውጣቱ በፊት ማለዳ ወይም ከገባ በኋላ ሲመሽ እንዲረጭ መለመን፣ ከየትኛውም የሚገዛ ነገር ይበልጣል።

ቆላ ላይ ከሆናችሁ፦ ጥላ፣ ውሃ፣ ከዚያ ባዶ እንጀራ አለማስቀመጥ። የወጣ እንጀራ በዚያው ሳምንት ቀልጦ ሰም ይሁን።

አሁን ልትጀምሩ ከሆነ፦ ያለችውን ብር አዲስ ቀፎ ላይ አውሉት፣ ቁጥሩ ቢያንስም። አንድ አዲስ ከሦስት ያገለገለ ይሻላል። ያገለገለ ካልሆነ አልችልም የምትሉ እንጀራውን አትቀበሉ፣ ሣጥኑን ብቻ ግዙ፣ ለብልቡት።

አምስት ስድስት ቀፎ ኖሯችሁ በየክረምቱ ያው አንዱ የሚታመምባችሁ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ቦታው ላይሆን ይችላል። የመርፌውን ፈተና አድርጉ፣ ንግሥቷን ቀይሩ።

የክብሪቱ እንጨት ክር የሠራባችሁ ግን ከዚህ ሁሉ አማራጭ ውጭ ናችሁ። ለማንም አትሽጡ፣ ለማንም አታውሱ። ባለሙያው የአሜሪካው ነው ካላችሁ ከጉልበት የማያንስ ጉድጓድ ቆፍሩ። ንቡ ሁሉ ከገባ በኋላ፣ በምሽት፣ ንቡን፣ እንጀራውንና ማሩን እዚያ ውስጥ አቃጥሉ። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። እሳቱ ሲበርድም አመዱን ክፍት አትተዉት፤ የቀረች ጠብታ ማር ካለች የጎረቤት ንብ ጠዋት ይመጣባታል። ሌሊቱን በአፈር አልብሱት።